ሦስተኛ የወጣው ባሌ

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ሮጬ መግባቴ ነው። እግሬ ጭቃ፣ ጸጉሬ ጭቃ። ትናንት የዘነበበት ዳገት ሳሙና ሆኗል፣ ሁለቴ ወደቅኩ። በረከት አንዴም አልወደቀም፤ ግማሹን በእርምጃ ነዋ የሄደው። ቤት ስንገባ ግን ለእናቱ ቀደምኳት ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም አጨበጨቡለት። የ36 ዓመት ሰውዬ!

አሁን ልታጠብ፣ ልጄን ቤቲን ላልብስ፣ ቁርስ ላቅርብ፣ 2፡00 ላይ ዘጠነኛ ለ ክፍል ቆሜ ስለ ስምጥ ሸለቆ ላስተምር። ባሌ ቢሮ የሚገባው 2፡30 ነው። ገና የጫማ ክር እየፈታ ነው።

ስማ ደብተር፣ ሳያቋርጠኝ የሚሰማኝ አንተ ብቻ ነህ። ስሜ ትዕግሥት ነው። አባቴ ስም ሲያወጣልኝ የሦስት ቀን ልጅ ነበርኩ፣ አልፈርድበትም።

ውድድሩ 25 ቀን ቀረው። መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ መጨረሻ ሩጫ። ሦስቱም ከአስፋልት ውጪ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ፣ በቡናው መሐል። ወረቀቱ «ኦፍ ሮድ ትራያትሎን» ይላል። የዲላ ሰው «ሦስትዮሹ» ብሎታል። ለጀማሪ ክፍት ነው። እኔ ነኝ ወረቀቱን ያመጣሁት። እሱ ነው ግን «እንወዳደራለን» ብሎ ለቢሮው ሁሉ ያወራው።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ኮንጋ አጠገብ መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ ሲያወጡበት የነበረ ካባ አለ። ዝናብ ሞልቶት ሐይቅ አክሏል። ዋናው እዚያ ነው። ዛሬ በረከትን እዚያ ወስጄ አስተማርኩት።

እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት፣ ከዓሣ አስጋሪዎች ሰፈር። ከመራመዴ በፊት ሳልዋኝ አልቀረሁም። እሱ የዲላ ልጅ ነው፤ ውኃ የሚያውቀው በባልዲ ነው። ሆዱን በመዳፌ ደግፌ አንድ ሰዓት ሙሉ ተፋ፣ ተንፍስ፣ ተፋ፣ ተንፍስ። አንዴ አፈነውና አንገቴን አነቀኝ። የጥፍሩ ምልክት አሁንም አለ። ስንወጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እጅሽ ስለሚያዳልጥ ነው አለኝ።

ለምን ዝም እንደምል አላውቅም። በሚኒባስ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተኛ። ያን ጊዜም ተናድጄ ነበር፣ ግን ትከሻዬን አላነሳሁም።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ምዝገባ። ይርጋጨፌ ድረስ ሄጄ ሁለት ሰዓት ሰልፍ።

ወንዶች ብስክሌቱን ሁለት ዙር ይነዳሉ፣ ሴቶች አንድ። ለምን? ብዬ ጠየቅኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለእናንተው ብለን ነው አለኝ። ዋናውንስ ለምን እኩል አደረጋችሁት? ስለው ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። ሽልማቱን አንብብ፦ ወንዶች ከ1ኛ እስከ 3ኛ ባለ ማርሽ የተራራ ብስክሌትና ሜዳሊያ። ሴቶች 1ኛ ፔርሙዝ። ፔርሙዝ! ሻይ እያፈላን እንድንጠብቃቸው ነው መሰለኝ።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። ጥላሁን ይባላል። የኮንጋ ልጅ፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሠራተኛ፣ እጁ በእሸት ቡና ጠቁሯል። የሚወዳደርበት ብስክሌት የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ንብረት ነው፣ ማርሽ የለውም፣ ተውሶት ነው። ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «አንተ መምህርት፣ ስትዋኝ ፊት ውኃ ውስጥ የግድ ይገባል?»

አይገባም፣ እንደፈለግህ ዋኝ አልኩት። በጣም ደስ አለው። ኮንጋ አካባቢ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ የሆነበት ሰው አንተንና አንቺን ያቀላቅላል። ተማሪዎቼን አርማለሁ። እሱን አላረምኩትም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ማለዳ

በረከት እንቅልፍ አጥቷል። አለቃው፣ የክፍሉ ሰዎች፣ የቢሮው ጸሐፊ ሳትቀር ሊያዩት ይመጣሉ። ማን ጥራ አለው? ራሱ ነው የጠራቸው።

ጠዋት ግን ባቴ ሲኮማተር ወለሉ ላይ ተቀምጦ በዘይት አሸልኝ። ሳልጠይቀው። የብስክሌቴን ካቴናም ቀብቶታል። እንዲህ ሲያደርግ የተናደድኩበትን እረሳለሁ፣ ከዚያ መርሳቴ ያናድደኛል።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለበለዚያ እጮሃለሁ።

2፡00 ላይ ወንዶች ውኃ ገቡ። እኛ ስድስት ሴቶች ከዐሥር ደቂቃ በኋላ። ውኃው በረዶ። ዳር ለዳር ገመድ ዘርግተዋል፣ የደከመው እንዲይዘው። ጭንቅላቴን ቀበርኩና ሄድኩ። ሁለተኛውን ምልልስ ስጀምር ገመዱን ሙጥኝ ያለ ሰው አየሁ። በረከት። ጠጋ ብዬ ደህና ነህ? አልኩት። ሂጂ፣ ሂጂ አለኝ በዓይኑ። ሄድኩ። ከዳር ያሉት የቢሮው ሰዎች አስካኩ። አንዱ ጮክ ብሎ፦ «ኧረ በረከት! ሚስትህ አለፈችህ!» ሲል ውኃ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። እሱም ሰምቷል።

ከሴቶቹ አንደኛ ወጣሁ። ብስክሌት ላይ በረከት ቶሎ ደረሰብኝ፣ ሳያየኝ አለፈ። ደግ፣ እግሩ ጠንካራ ነው።

ከዚያ አራት ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ጎማዬ ተነፈሰ። ማስቲሽ የለኝ፣ መንፊያ የለኝ። አምስቱም ሴቶች አለፉኝ። ዳገቱን እየገፋሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድኩ። ግራ ቀኝ እንሰትና ቡና፣ ለቃሚዎቹ ከዛፉ ሥር አይዞሽ ይሉኛል። ሁለቱ መሪ ወንዶች በሁለተኛው ዙር ደርሰውብኝ አለፉ። ሦስተኛው ሰው ፍሬን ያዘ። ጥላሁን።

ሂድ፣ ሦስተኛ ነህ፣ ሂድ! አልኩት። ወረደ። «ይሄን ገፍተህ እስከ የት ትሄዳለህ?» አለኝ። ተንበረከከ። ከጎማው ውስጥ ካላማዳሪውን አወጣ፣ ቀዳዳውን በምራቁ ፈለገ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እስኪይዝ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆየ። እኔ ሂድ እላለሁ፣ እሱ ይጫናል። መንፊያውን ትቶልኝ ሄደ፤ ሲያልቅ ይዘህ ና ብሎ።

እየነፋሁ ሳለ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ።

የበረከት ቢሮ ባልደረባ ሞተሩን ይነዳል። በረከት በብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ የሞተሩን ዕቃ መጫኛ ጨብጦ፣ ዳገቱን ይሳባል። ፔዳሉ አይዞርም። እግሩ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። አየኝ። ደብተር፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቱን ወደ ቡናው አዞረ። መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ውድድሩ የሚሄድበትን የእግር መንገድ ትተው በሰፊው መንገድ ዞረው ሄዱ። እዚያ ዳኛ የለም።

ስድስተኛ ሆኜ ጨረስኩ። ከስድስት። መድረሻው ላይ በረከት ሜዳሊያ አጥልቋል። ሦስተኛ። ጥላሁን አራተኛ። በረከት እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳው፣ አለቃው ፎቶ አነሳን፣ ሰብሳቢው ጀግኖች ባልና ሚስት አለ። ምንም አልተናገርኩም።

ጥላሁን መጣ። ለመንፊያው መሰለኝ። እሱ ግን የጠየቀኝ፦ «ጎማው ያዘ?»

ኅዳር 15፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ።

አዲሱ ብስክሌት ሳሎን ቆሟል። ቀይ። ላስቲኩ ገና አልተላጠለትም። ቤቲ ደወሉን ትመታለች፣ ቂል፣ ቂል፣ ቂል። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አድርጋ ነው ያደረችው። አባ ከዓለም ሦስተኛ ነው ትላለች። ከዓለም!

ከምሳ በኋላ እናቱ ሲተኙ በሩን ዘግቼ ጠየቅኩት። አልካደም። ሁሉም ያደርገዋል አለ። መሪዎቹ የታወቁ ናቸው፣ እነሱን አልቀደምኩም አለ። ለትንሽ ነው የያዝኩት አለ። ጥላሁን ጎማዬን ለመጠገን ስለቆመ ነው የደረስክበት፣ ብስክሌቱ የሱ ነው አልኩት። ደነገጠ። ይህን አላወቀም ነበር። ለአፍታ ፊቱ ሲፈርስ አየሁና ሊያስተካክለው ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ከዚያ ምን አለ? «አንቺ ነሽ ያዋረድሽኝ። በአለቃዬ ፊት ውኃ ውስጥ ጥለሽኝ ስትሄጂ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

አየህ? ጥፋቱ የኔ ዋና መቻል ነው። ሆዱን ደግፌ ያስተማርኩት እኔ፣ ጥፍሩን አንገቴ ላይ የተከለው እሱ፣ አዋራጇ እኔ!

ሳህን ሰበርኩ። ሆን ብዬ አይደለም። ግማሹን ሆን ብዬ ነው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ፣ የዕረፍት ሰዓት

ት/ቤት። የጠዋት ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ ማይክራፎን ይዞ የመምህርት ትዕግሥት ባለቤት በሦስትዮሹ ውድድር ሦስተኛ በመውጣት አኮራን አለ። ሺህ ተማሪ አጨበጨበ። እኔን ወደ ፊት ጠሩኝ።

ፈገግ አልኩ። ሰማህ? እጅ ነስቼ ፈገግ አልኩ። ፈተና ላይ ሲኮርጁ የያዝኳቸውን ልጆች በዓይኔ እያየሁ።

በረከት በሞተር ተሳበ። እኔ በጭብጨባ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አራት ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። ጨው አቀብይኝን በቤቲ በኩል ነው የምንባባለው። ትናንት ላስቲኩን ላጠለት። ሊነዳው ነው እንግዲህ።

አማቴ ነቁ። ዛሬ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ መጡ፣ ሁሉንም ሰምተዋል፣ በሩ ቀጭን ነው። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። እጄን ይዘው፦ «ልጄ፣ ገበናሽን አደባባይ አታውጪ። ሰው ስለ ሞተሩ አያወራም፣ ባሏን ያጋለጠች ብሎ ስላንቺ ነው የሚያወራው» አሉኝ።

እማማ፣ የሰው ንብረት ነው እኮ አልኳቸው። የሰውየው ዕድል አልሆነ፣ እግዜር በሌላ ይክሰዋል አሉ። እግዜር ብስክሌት ሲያከፋፍል አላየሁም አልኩ። ክፉ አፍ። ወዲያው ተጸጸትኩ። እሳቸው ግን የቀረውን ልብስ አብረውኝ አሰጡ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

አስፈቅጄ ይርጋጨፌ ሄድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ። ያየሁትን ተናገርኩ፣ ቦታውን፣ ሞተሩን፣ መገንጠያውን። እስክሪብቶውን እንኳ አላነሳም።

ውጤቱ ወደ ላይ ተልኳል አለ። ፎቶውም ተለጥፏል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተጣላችሁ እንዴ? አለኝ። አልተጣላንም፣ አይቼዋለሁ ነው የምልህ አልኩት። ሽማግሌ ብንልክ ይሻላል አለ።

ሽማግሌ! ብስክሌት ተሰረቀ ስለው ትዳር ሊጠግንልኝ።

ወሰንኩ። ነገ ብስክሌቱን ራሴ ለጥላሁን አደርሳለሁ። በረከትን አላስፈቅድም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡00

በረከት ገበያ ሲወጣ ብስክሌቱን አውጥቼ በባጃጅ ጎን እየገፋሁ መናኸሪያ ደረስኩ። ባጃጁ ውስጥ ቤቲ ተቀምጣለች፣ አባ ያውቃል? ትለኛለች። አማቴ ጋ ለመተው ድፍረት ስላጣሁ ነው ይዣት የወጣሁት፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ልጂቷን ተዪልኝ ሊሉ አፋቸው አልታዘዝ አለ። ረዳቱ ብስክሌቱን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰረው።

ኮንጋ። ጥላሁንን ቡና ማጠቢያው ጋ አገኘሁት፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ አጎንብሶ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማል። ያን ቀን እኔ ጋ የቀረውን መንፊያ ሰጠሁት። ብስክሌቱንም አቆምኩለት። ያንተ ነው፣ ባሌ በሞተር ተስቦ ነው የቀደመህ፣ አይቻለሁ አልኩት። ባንድ ትንፋሽ። ቤቲ እጄን ይዛ እየሰማች።

አልገረመውም። «አውቃለሁ» አለ። እዚያ ቡና የሚለቅሙት ሰዎች በዚያው ቀን ነግረውታል።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ!? ጮህኩበት። ሠራተኞቹ ዞሩ። እሱ ጣቶቹን በሱሪው ጠርጎ፦ «አንተ ሚስቱ ነህ። መንገድ ላይ ረዳሁህ። ከዚያ ተመልሼ ቤትህን ላፍርስ?»

እሺ፣ አሁን ውሰደው አልኩት። መሪውን ዳሰሰው፣ ማርሹን አንዴ ቀጭ አደረገው። እንደሚፈልገው ዓይኑ ይናገራል። ከዚያ ወደኔ መልሶ ገፋው።

«ከአንተ አልወስድም። የወሰደው እጅ ያምጣው።»

ለመንኩት። ተቆጣሁ። አልቅሻለሁም፣ ደብተር፣ ከንዴት። ንቅንቅ የለም። እዚያው የምትሠራው ባለቤቱ ለቤቲ ሸንኮራ ቆርጣ ሰጠቻት።

ብስክሌቱን መልሼ ጣሪያ ላይ አሳሰርኩ። ረዳቱ ሳቀብኝ። መንገዱን ሙሉ በጥላሁን ተናደድኩ። በግትርነቱ። ትክክል በመሆኑም።

ቤት ስገባ በረከት ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሌባ ሊለኝ አሰበ መሰለኝ፣ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት። ጥላሁን ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ቤቲ ቀጠለች፦ «አባ፣ የሱ ነው እንዴ?»

ተነስቶ ጓሮ ወጣ። እናቱ ተከተሉት፣ ብቻቸውን ተመለሱ።

ኅዳር 22፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11፡40

ጠዋት 12፡00 ስነቃ አልጋው ባዶ። ብስክሌቱም የለም። አማቴ ማልዶ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል አሉ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለታችንም አየነው።

ከዚህ እስከ ኮንጋ ከ40 ኪ.ሜ. አያንስም። አብዛኛው ዳገት።

7፡20 ላይ ስልክ። ጥላሁን። «መምህርት፣ ባልህ መጥቷል።»

በብስክሌቱ ነው የመጣው፣ ከጫማው እስከ ቅንድቡ አቧራ። ሰው ከጸሎት ሲወጣ ደረሰ። ጥላሁን ወደ ቤት እንግባ ቢለው እምቢ አለ። እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ የወጣው ሰው ሁሉ እያየ፣ ተናገረ። ምን አለ? አልኩት። በሞተር ተጎትቼ ነው የቀደምኩት፣ ይሄ የሱ ነው አለ። ሌላስ? ሌላ የለም፣ አጭር ነው፣ ግን ሁሉ ሰምቷል አለኝ። አሁን ተቀበልከው? ተቀበልኩ አለ። እሱስ? ቆጮ አቅርበንለታል፣ አልበላም። በሚኒባስ እንሸኘዋለን።

ስልኩን ዘጋሁ። አማቴ ምን አለ? ምን አለ? ይላሉ። ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፣ ከዚያ ውኃ ሊጥዱለት ተነሱ።

እኔ ቀለል ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም። ስምንት ቀን ለምን ፈጀበት? የኔ ቃል ያላስነሳውን የጥላሁን ቃል ለምን አስነሳው? አለቃው ነገ ምን ይለዋል? ይበለው! ሜዳሊያውም አለ ገና፣ ቤቲ አንገት ላይ። ለኮሚቴው ራሱ ይመልስ፣ ያኛው ሰብሳቢ እስክሪብቶ ያንሳ።

ደግሞ ያቺ የሰልፍ ሰኞ አለች። እሱ የኮንጋ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሯል። እኔ ሺህ ልጅ ፊት ፈገግ እንዳልኩ ነኝ።

ወሰንኩ። ነገ ጠዋት ከሰልፉ በፊት ርዕሰ መምህሩን ማይክራፎኑን እጠይቀዋለሁ። ስለ በረከት አይደለም የምናገረው፣ የሱን እሱ ጨርሷል። ስለ ጭብጨባው ነው። ውሸት እንደሆነ እያወቅኩ ጭብጨባችሁን ተቀብዬ ነበር እላለሁ። ያኔ ሲኮርጁ የቀጣኋቸው ልጆች የፈለጉትን ይበሉኝ። ባይሰጠኝም ያለ ማይክ፣ ድምፄ

በሩ ተንኳኳ። ቤቲ አይደለችም፣ እዚህ ናት። አማቴም እዚህ ናቸው።

በረከት ከሆነ ቁልፍ አለው እኮ። የራሱ ቤት ነው። ለምንድን ነው የሚያንኳኳ